ስሙን ተዉት፣ ቁጥሩን አንብቡ፦ የካናቢስ ዝርያዎችን ከነንጥረ ነገራቸው ለመለየት

«ሳቲቫ ያነቃቃል፣ ኢንዲካ ያፈዛል።» ይቺን አባባል ያልሰማ ያለ አይመስለኝም። ማሸጊያ ላይ ትጻፋለች፣ ሻጭ ይደግማታል፣ ገዢ ያምናታል። እኔም አምኛት ነበር። የላብራቶሪ ውጤቶችን ጎን ለጎን አስቀምጬ ማንበብ ስጀምር ነው የተገለጠልኝ፤ አንዱ «ሳቲቫ» ሌላው «ኢንዲካ» የተባሉ ሁለት ናሙናዎች ቁጥራቸው ቁርጥ አንድ ሆኖ አገኘዋለሁ፣ ሁለቱም «ሳቲቫ» የተባሉት ደግሞ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ።

ስለዚህ እዚህ የማሳያችሁ ሌላ መንገድ ነው። የተክሉን ስም ወደ ጎን ትታችሁ ውስጡ ያለውን ማንበብ። ሐኪም ያዘዘለትን ምርት ምንነት ማወቅ ለሚፈልግ፣ ቤቱ ውስጥ የሲቢዲ ዘይት የሚወስድ ሰው ላለው፣ ወይም ዜና ሲያነብ «ይሄ ቲኤችሲ፣ ሲቢዲ የሚሉት ነገር ምንድነው?» ለሚል ሰው ይሆናል። (ሁለቱም ተክሉ የሚሠራቸው ንጥረ ነገሮች ናቸው፤ ቲኤችሲ ያሰክራል፣ ሲቢዲ አያሰክርም።) እንዴት እንደሚበቅል አላወራም፣ ተጠቀሙም አልልም። ሕጉ ከአገር አገር በጣም ይለያያል፤ አንዱ ጋ መድኃኒት የሆነው ሌላው ጋ እስር ቤት ያስገባል። ያላችሁበትን አገር ሕግ ቀድማችሁ እወቁ።

አንድ የቃላት ነገር ደግሞ እንጨርስ። በአማርኛ «ሐሺሽ» ስንል ብዙ ጊዜ የትኛውንም አደንዛዥ ዕፅ ማለታችን ነው። እዚህ ግን ለየብቻ ያዙልኝ። ካናቢስ ተክሉ ነው። ማሪዋና የሴቴዋ ተክል የደረቀ አበባ ነው። ሐሺሽ ከአበባው ላይ ተሰብስቦ የተጠፈጠፈው ሙጫ ብቻ ነው። ሄምፕ ደግሞ ለገመድ፣ ለጨርቅና ለዘሩ ሲባል የሚመረት፣ ቲኤችሲው እጅግ አነስተኛ የሆነ ያው ተክል ነው። «ያው ተክል» ያልኩት ሆን ብዬ ነው፣ እመለስበታለሁ።

ስሞቹ ከየት መጡ

(ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

በ1753 ስዊድናዊው ካርል ሊኒየስ አውሮፓ ውስጥ የሚያውቀውን የሄምፕ ተክል ካናቢስ ሳቲቫ ብሎ መዘገበው። «ሳቲቫ» በላቲን «የሚዘራ» እንደማለት ነው፤ ከማነቃቃት ጋር ምንም አያገናኘውም። በ1785 ፈረንሳዊው ላማርክ ከሕንድ የመጣለትን ተክል አየና «ይሄስ ሌላ ነው» ብሎ ካናቢስ ኢንዲካ አለው፣ የሕንድ ማለቱ ነው። በ1924 ደግሞ ያኒሼቭስኪ የሚባል ሩሲያዊ የዕፅዋት ሊቅ በየሜዳው በራሷ የምትበቅለውን አጭሯን ተክል ሩደራሊስ ብሎ ሰየማት።

እንግዲህ አስቂኙ ነገር ይኸውላችሁ። ሊኒየስ «ሳቲቫ» ያለው የገመዱን ተክል ነው። ዛሬ «ሳቲቫ» ተብሎ የሚሸጠው ግን ቲኤችሲ የሞላበት ነው። ስሙ በመንገድ ላይ ባለቤት ቀይሯል።

ሦስቱ ስሞች ዛሬም የሚጠቅሙት ለመልክ ነው። ረጅምና ቅጠሉ ቀጭን ከሆነ ሳቲቫ ይሉታል፤ አጭር፣ ጥቅጥቅ ያለና ቅጠሉ ሰፊ ከሆነ ኢንዲካ። ሩደራሊስ ትንሽ ናት፣ ለማበብም የቀኑን ርዝመት አትጠብቅም፤ ዕድሜዋ ሲደርስ ታብባለች። ከዚህ ያለፈ ነገር ከስሙ አትጠብቁ፤ ምክንያቱም ለአሥርት ዓመታት እርስ በርስ ሲዳቀሉ ስለኖሩ ንጹሕ የሚባል ዘር ገበያ ላይ ማግኘት ከባድ ነው። በ2015 የወጣ አንድ ጥናት የ81 ማሪዋናና የ43 ሄምፕ ናሙናዎችን ዘረ መል አነጻጽሮ ነበር። ከጃማይካ የመጣ «ሳቲቫ» የተባለ ናሙና ከአፍጋኒስታን ከመጣ «ኢንዲካ» ከተባለ ናሙና ጋር ዘረ መሉ ከሞላ ጎደል አንድ ሆኖ ተገኘ። በ2021 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ስያሜው ጥቂትም ቢሆን የሚዛመደው ከሽታ ንጥረ ነገሮች ጋር እንደሆነ አሳየ። ሰዎች ሲያሸቱት መሬት መሬት የሚለውን ኢንዲካ፣ ጣፋጭና ቅመም ቅመም የሚለውን ሳቲቫ እያሉ ሳይሆን አይቀርም የሰየሙት።

የገበያ ስሞቹን ደግሞ ጭራሽ ተዉአቸው። ያ ሁሉ የፍራፍሬ፣ የኬክና የተራራ ስም የሻጭ ፈጠራ ነው። አንዱ ስም በሁለት ሻጮች እጅ ሁለት የተለያየ ተክል ሊሆን ይችላል። ማንም አይቆጣጠረውም።

ሄምፕ የሚባለው መስመር

ሄምፕና ማሪዋና ሁለት ተክል ይመስሉናል። በዕፅዋት ሳይንስ አንድ ዝርያ ናቸው። የሚለያቸው በተክሉ ላይ የተሰመረ የቁጥር መስመር ነው።

መስመሩን ያሰመሩት ስሞልና ክሮንክዊስት የተባሉ ሁለት የዕፅዋት ተመራማሪዎች ናቸው፣ በ1976። የደረቀው ተክል ቲኤችሲ ከ0.3 በመቶ በታች ከሆነ አንዱ ክፍል፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ሌላው። ለምደባ እንዲመች ያደረጉት ነው፤ በ0.3 እና በ0.4 መካከል ሰው ላይ የሚታይ ልዩነት ስላለ አይደለም። ሕግ አውጪዎች ግን ቁጥሩን አነሱትና ሕግ አደረጉት። አሜሪካ በ2018 የግብርና ሕጓ 0.3 በመቶ አለች። የአውሮፓ ኅብረት ለገበሬዎቹ ድጎማ 0.2 ይል የነበረውን በ2023 ወደ 0.3 ከፍ አደረገ። ስዊዘርላንድ ደግሞ እስከ 1 በመቶ ትፈቅዳለች። ስለዚህ 0.7 በመቶ ቲኤችሲ ያለው ተክል ዙሪክ ላይ ሰላማዊ ነው፣ ድንበር ሲሻገር አደንዛዥ ዕፅ ይሆናል። ተክሉ ግን አንድ ቅጠል እንኳን አልተቀየረም።

አሁን ወደ ዋናው፦ ተክሉን በኬሚስትሪው መመደብ

ካናቢስ ወንዴና ሴቴ ያለው ተክል ነው። ወሬው ሁሉ ያለው በሴቴዋ ላይ ነው። አበባዋን በማጉያ መነጽር ብታዩት ሙሉውን በጥቃቅን ብርጭቆ መሰል ነገሮች ተሸፍኗል፤ እያንዳንዱ ቀጭን እግርና ክብ ራስ አለው፣ ልክ እንደ ልብስ ሰፊ ባለ ራስ መርፌ። ትራይኮም ይባላሉ። ያ ክብ ራስ ውስጥ ነው ሙጫው የሚሠራው፣ ሙጫው ውስጥ ነው ካናቢኖይዶቹ፣ ማለትም ቲኤችሲ፣ ሲቢዲና መሰሎቻቸው፣ ያሉት። ጊዜው እየሄደ ሲመጣ ራሱ ከጥርት ወደ ወተትማ፣ ከዚያም ወደ ማር መልክ ይለወጣል። ቅጠሉ ላይም አለ፣ ግን በጣም ጥቂት። ግንዱ፣ ሥሩና ዘሩ ላይ እዚህ ግባ የሚባል የለም።

ውስጡ ምን ይካሄዳል? እንደ ሊጥ አስቡት። ተክሉ መጀመሪያ ሲቢጂኤ የሚባል አንድ ሊጥ ያቦካል። ከዚያ ሁለት ጋጋሪዎች፣ ማለትም ሁለት ኢንዛይሞች፣ በዚሁ ሊጥ ይሻማሉ። አንደኛው ቲኤችሲኤ ያደርገዋል፣ ሁለተኛው ሲቢዲኤ፤ የቲኤችሲና የሲቢዲ ጥሬ መልክ ናቸው። (ሲቢሲኤ የሚያደርግ ሦስተኛም አለ፣ ድርሻው ትንሽ ነው።) ተክሉ ከእናትና ከአባቱ የወረሰው የትኛውን ጋጋሪ እንደሆነ ነው ዓይነቱን የሚወስነው። ስለዚህም ነው ቲኤችሲውም ሲቢዲውም 25፣ 25 በመቶ የሆነ አበባ የማታዩት፤ ሊጡ አንድ ነው፣ አንዱ ከወሰደ ለሌላው ይቀንሳል። እንዲህ የሚል ማሸጊያ ካያችሁ መልሳችሁ አስቀምጡት።

በዚህ መሠረት ተመራማሪዎች አምስት ዓይነት ይሉናል። አንደኛው ቲኤችሲው የበላይ የሆነበት ነው፤ ገበያው በአብዛኛው ይሄ ነው። ሁለተኛው ሁለቱም ተቀራራቢ የሆኑበት። ሦስተኛው ሲቢዲው የበላይ የሆነበት። አራተኛው ሲቢጂ የሚበዛበት፣ ሁለቱም ጋጋሪዎች ሰንፈው ሊጡ ሊጥ ሆኖ የቀረበት ማለት ነው። አምስተኛው ደግሞ ካናቢኖይድ ጭራሽ የሌለው፣ ለጭረቱ ብቻ የሚፈለግ። ሳቲቫ ነው ኢንዲካ ነው ከሚለው ጥያቄ ይልቅ «ስንተኛው ዓይነት ነው?» የሚለው አሥር እጥፍ ይጠቅማችኋል።

እዚህ ጋ አንድ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። የሲቢዲው ጋጋሪ ጥንቁቅ አይደለም። ሲቢዲኤ ሲሠራ በጎን ትንሽ ቲኤችሲኤም ያፈሳል፣ በግምት ከሃያ አንድ። ስለዚህ 10 በመቶ ሲቢዲ ያለው «ሄምፕ» አበባ ግማሽ በመቶ አካባቢ ቲኤችሲ ይዞ ሊገኝ ይችላል፤ ከ0.3 መስመር በላይ ነው። «ሲቢዲ ብቻ ነው የወሰድኩት» ያለ ሰው የሽንት ምርመራ ላይ ቢወድቅ ሁልጊዜ ዋሽቷል ማለት አይደለም።

«ኤ» የምትለዋ ፊደል

ቲኤችሲኤ፣ ሲቢዲኤ እያልኩ ነው ያለሁት። መጨረሻ ላይ ያለችው «ኤ» አሲድ ማለት ናት። ተክሉ ላይ ያለው ከሞላ ጎደል ሁሉም የአሲዱ መልክ ነው፤ ቲኤችሲኤ ደግሞ አያሰክርም። ጥሬ አበባ ያኘከ ሰው ብዙም የማይሰማው ለዚህ ነው። ሙቀት ሲያገኘው፣ ሲጨስ ወይም ሲጋገር፣ አሲዱ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቅና ቲኤችሲ ይሆናል። ብዙ ቀን ሲቀመጥም ቀስ እያለ ይለወጣል።

ጋዙ ሲወጣ ክብደት ይቀንሳል። ስለዚህ የላብራቶሪ ውጤት ላይ ሁለቱን ቁጥር ዝም ብላችሁ አትደምሩ። ቲኤችሲኤውን በ0.877 አባዙት፣ ከዚያ ቲኤችሲውን ደምሩ። አንድ ምሳሌ እንሥራ። ወረቀቱ ቲኤችሲኤ 21.4 በመቶ፣ ቲኤችሲ 0.8 በመቶ ይላል እንበል። 21.4 ሲባዛ በ0.877፣ 18.77 ይመጣል። 0.8 ሲጨመርበት 19.57። ይሄ ነው «ጠቅላላ ቲኤችሲ» የሚባለው። ዝም ብሎ የደመረ ሰው ግን 22.2 ይላል፤ ማሸጊያው ላይ ትልቅ ሆኖ የተጻፈው ቁጥር አንዳንዴ ይሄኛው ነው፣ ትልቅ ቁጥር ስለሚሸጥ።

አሁን ወደ ሚሊግራም እንቀይረው። 19.57 በመቶ ማለት በአንድ ግራም አበባ ውስጥ ወደ 196 ሚሊግራም ቲኤችሲ አለ ማለት ነው። የአሜሪካ የጤና ምርምር ተቋማት ከ2021 ጀምሮ ለጥናት የሚጠቀሙበት መለኪያ 5 ሚሊግራም ነው። ግራሟ ስትከፋፈል 39 መለኪያ ሆነች። ሲቃጠል ብዙው ባክኖ ይጠፋል፣ እሺ፤ ቢሆንም ቁጥሩ አያስደነግጥም? አሜሪካ ውስጥ በፖሊስ በተያዙ ናሙናዎች ላይ የቲኤችሲው አማካይ በ1995 ወደ 4 በመቶ ነበር፣ በ2014 ወደ 12 ደርሷል። «በኛ ጊዜም ነበር፣ ምንም አላደረገንም» የሚሉ ታላላቆች የሚያወሩት ስለ ሌላ ነገር ነው።

ንጥረ ነገሮቹ አንድ በአንድ

ቲኤችሲን በ1964 ነጥለው ያወጡት እስራኤል ውስጥ ይሠሩ የነበሩት ራፋኤል መሹላምና ይሒኤል ጋኦኒ ናቸው። ሰውነታችን ውስጥ የሚይዘው «ቁልፍ ቀዳዳ» እስኪገኝ ግን 24 ዓመት ፈጀ፤ ሲቢ1 የሚባለው ተቀባይ በ1988 ታወቀ። ጥያቄው ወዲያው ተነሳ፤ አንጎላችን ለአንድ አረም ብሎ ቀዳዳ አያበጅም መቼም። በ1992 መልሱ መጣ። ሰውነት ራሱ የሚሠራው ቁልፍ አለው። አናንዳማይድ አሉት፣ በሳንስክሪት «ደስታ» ከሚለው ቃል። ቲኤችሲ በዚሁ ቀዳዳ የሚገባ የባዕድ ቁልፍ ነው። ሲቢ1 ትውስታን፣ ሚዛንን፣ የጊዜ ስሜትን፣ የምግብ ፍላጎትንና ፍርሃትን በሚመሩ የአንጎል ክፍሎች ሞልቷል፤ የሚያስቀው፣ የሚያስርበው፣ የሚያስረሳውና አንዳንዱን በጭንቀት የሚያንዘፈዝፈው ያው አንድ ንጥረ ነገር ነው። መተንፈስን በሚመራው የአንጎል ግንድ ላይ ግን ይሄ ቀዳዳ ጥቂት ነው፤ እንደ ሄሮይን ትንፋሽ የማያቋርጠው በዚህ ነው።

ሲቢዲ ቀድሞ ነው የተገኘው፣ በ1940። አያሰክርም። ይሄ ማለት ግን አንጎል ላይ አይሠራም ማለት አይደለም፤ የሚሠራ መድኃኒት ነው። ኤፒዲዮሌክስ የሚባለው ንጹሕ የሲቢዲ ሽሮፕ በ2018 አሜሪካ ውስጥ ለሁለት ከባድ የልጅነት የሚጥል በሽታ ዓይነቶች፣ ለድራቬና ለሌኖክስ ጋስቶ፣ ተፈቅዷል። ከዚያ ውጪ «ለጭንቀት፣ ለመገጣጠሚያ፣ ለእንቅልፍ፣ ለቆዳ» እየተባለ የሚሸጥበት ዝርዝር ከማስረጃው በጣም ይረዝማል።

ሁለቱ በአንድ ላይ ያሉበትም መድኃኒት አለ፤ ሳቲቬክስ የሚባለው አፍ ውስጥ የሚረጭ። በአንድ ርጭት 2.7 ሚሊግራም ቲኤችሲና 2.5 ሚሊግራም ሲቢዲ አለው። የዓይነት ሁለት ተክል ማለት ምን እንደሆነ በመድኃኒት መልክ ማየት ለፈለገ ይኸው።

ሲቢኤን የሚባለውን ካናቢኖይድ የተለየ ተክል አያመርተውም። ቲኤችሲ በአየርና በብርሃን ሲያረጅ የሚሆነው ነገር ነው። «የእንቅልፉ ካናቢኖይድ» ይሉታል፣ ማስረጃው ግን ስስ ነው፤ እኔ ገንዘቤን አላወጣበትም። ቲኤችሲቪ የቲኤችሲ ታናሽ ወንድም ነው፣ የሞለኪውሉ ጭራ አጠር ያለ። ቲኤችሲፒ ደግሞ በተቃራኒው ጭራው የረዘመ፣ በ2019 ጣሊያን ውስጥ ተገኝቶ ስሙ የተሰማ ነው፤ ተክሉ ውስጥ ያለው መጠን እጅግ ኢምንት ስለሆነ በጥቅል የሚሸጠው ከቤተ ሙከራ የወጣ ነው።

ዴልታ 8 የሚሉትን የቲኤችሲ ዓይነት ለይታችሁ እወቁት። ተክሉ ላይ ከስንት አንዴ የሚገኝ ነገር ነው። ገበያ ላይ ያለው በአብዛኛው ሲቢዲን በአሲድ አፍልቶ የተሠራ ነው፤ ያሰክራልም። አሠራሩ ንጹሕ ካልሆነ ምን ዓይነት ዝቃጭ አብሮ እንደቀረ ማወቂያው ምርመራ ብቻ ነው። ከሁሉም የሚብሰው ግን ሰው ሠራሽ ካናቢኖይድ የሚባለው፣ የትኛውም ደረቅ ቅጠል ላይ የሚረጨው ኬሚካል ነው። ቲኤችሲ ቀዳዳውን በከፊል ነው የሚከፍተው፣ እነዚህ ግን በሩን ገንጥለው ነው የሚገቡት። ሰው ገድለዋል። ካናቢስ አይደሉም፣ «ቀላል ካናቢስ ነው» ብሎ የሚሰጣችሁን ሰው አትስሙ።

ሽታው

ሽታውን የሚሰጡት ተርፒኖች በካናቢስ ብቻ ያሉ አይደሉም። ሊሞኒን የሎሚ ልጣጭ ሽታ ነው። ፓይኒን የጥድ። ሊናሎል የላቬንደር። ሚርሲን ቢራ የሚጠመቅበት ሆፕስ የሚባል ተክል ውስጥም ሞልቷል፤ የሚገርመው ሆፕስና ካናቢስ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ካሪዮፊሊን የቁንዶ በርበሬው ነው፣ እሱ ደግሞ ለየት ይላል፤ ሲቢ2 ከሚባለው ሁለተኛው ተቀባይ ጋር በቀጥታ ይያያዛል። ያ የሚሰነፍጠው፣ አፍንጫ የሚበጥሰው ሽታ ግን የተርፒን ሥራ አይደለም። በ2021 ተመራማሪዎች ድኝ ያለባቸው ውሁዶች መሆናቸውን አሳይተዋል።

ተርፒኖቹ ከቲኤችሲ ጋር ተባብረው ስሜቱን ይቀይራሉ የሚል ሐሳብ አለ። ደስ ይላል፣ ሰው ላይ የተረጋገጠው ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ተርፒኖቹን እንደ መታወቂያ ተጠቀሙባቸው። ሁለት ወረቀት ላይ ካናቢኖይዶቹም ተርፒኖቹም ከተመሳሰሉ፣ ስማቸው የፈለገውን ቢል፣ አንድ ነገር ነው የያዛችሁት።

ጠርሙሱን እንይ

አንድ የማውቃት ሴት ለእናቷ ጉልበት ብላ ውድ ዘይት ገዛች። ማሸጊያው ላይ የካናቢስ ቅጠል አለ፣ «2000 ሚሊግራም ሄምፕ» ይላል። እናትየዋ ለሁለት ወር በጠብታ ወሰዱ። ወረቀቱን ስናየው የሄምፕ ዘር ዘይት ነው። ዘሩ ላይ ደግሞ ካናቢኖይድ የለም ብያችኋለሁ። ለሰላጣ የሚሆን ዘይት ነው እንግዲህ በጠብታ የወሰዱት። ዋጋውን ስትሰማ መሳቅም ማልቀስም አቃታት።

ስለዚህ «ሄምፕ ዘይት»፣ «የሄምፕ ጭማቂ 2000 ሚሊግራም» የሚለውን ተዉትና «ሲቢዲ ይሄን ያህል ሚሊግራም» የሚል መስመር ፈልጉ። ከሌለ የለም። ካለ አካፍሉት። 30 ሚሊሊትር ጠርሙስ ላይ 1500 ሚሊግራም ሲቢዲ ካለ፣ በአንድ ሚሊሊትር 50 ሚሊግራም ነው። አንድ ሚሊሊትር ወደ ሃያ ጠብታ ስለሚሆን፣ ጠብታዋ 2.5 ሚሊግራም ገደማ ናት። አሁን ይሄን ከመድኃኒቱ ጋር አስተያዩት፦ ኤፒዲዮሌክስ በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት 10 ሚሊግራም ሊታዘዝ ይችላል። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በቀን 600 ሚሊግራም፣ ማለትም ያንን ጠርሙስ በሁለት ቀን ተኩል መጨረስ ማለት ነው። «አምስት ጠብታ ወስጄ ተሻለኝ» የሚለው ሰው የወሰደው 12.5 ሚሊግራም ነው። ሊሻለው ይችላል፣ አልከራከረውም፤ ግን የጥናቶቹን ውጤት ለጠብታዎቹ አታውሱ።

የተጻፈው ቁጥር ራሱ እውነት ነው ወይ? በ2017 የወጣ ጥናት በኢንተርኔት የተገዙ 84 የሲቢዲ ምርቶችን መርምሮ ነበር። የተጻፈውን ያህል ይዞ የተገኘው ሲሶው እንኳን አይሞላም፤ 18ቱ ላይ ደግሞ ቲኤችሲ ተገኘ። ለዚህ ነው የላብራቶሪ ወረቀት ያስፈለገው። ወረቀቱን ስታገኙ መጀመሪያ የባች ቁጥሩን (የምርት ዙሩን መለያ) ከጠርሙሱ ጋር አመሳክሩ፤ ካልገጠመ የሌላ ሰው ፈተና ውጤት ነው የምታነቡት። መርማሪው ከአምራቹ ውጪ የሆነ ድርጅት መሆኑን እዩ። ከዚያ ወደ ታች ውረዱ፤ ሰው ካናቢኖይዱን አይቶ ይዘጋዋል፣ ቁምነገሩ ግን ታች ነው። ከባድ ብረቶች አሉ? ካናቢስ ካለበት አፈር ካድሚየምና እርሳስ የመሳብ ጸባይ አለው። ፀረ ተባይ፣ ሻጋታ፣ ለማውጣት የተጠቀሙበት ኬሚካል ቅሪትስ? በእንፋሎት መልክ ለሚሳቡት ደግሞ ምን እንደተቀላቀለባቸው ጠይቁ፤ በ2019 አሜሪካ ውስጥ ብዙ ሰው ሳንባው ተጎድቶ ሆስፒታል የገባው በዋናነት ቫይታሚን ኢ አሲቴት በተባለ ማቅጠኛ ሰበብ ነው።

ሰውነት ውስጥ ሲገባ

ያው ቲኤችሲ ሲሳብና ሲበላ አንድ አይደለም። ሲሳብ በደቂቃዎች ይሰማል፣ በጥቂት ሰዓት ይለቃል። ሲበላ በጉበት በኩል ያልፍና የበለጠ ወደሚበረታ ሌላ ውሁድ ይለወጣል፤ ለመጀመር ከግማሽ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ይፈጃል፣ ከዚያ ለግማሽ ቀን ሊቆይ ይችላል። የድንገተኛ ክፍል ታሪኮች አብዛኛዎቹ አንድ ዓይነት ናቸው፦ ቁራሹን በላ፣ አርባ ደቂቃ ጠበቀ፣ «ይሄማ አይሠራም» አለ፣ ሁለተኛውን ጨመረ። ሁለቱ በአንድ ላይ መጡበት። ከረሜላ በሚመስል መልክ የሚሸጠው ደግሞ ሕፃን ሲያገኘው ከረሜላ ነው፤ ቤት ውስጥ ካለ የሚቆለፍበት ነገር ይኑር።

ወጣቶች፣ አንጎላቸው ገና እየበሰለ ስለሆነ፣ ነፍሰ ጡሮችና የሚያጠቡ እናቶች፣ በቤተሰባቸው የሳይኮሲስ (ከእውነታ የሚያለያይ የአእምሮ) ሕመም ያለባቸው ሰዎች፣ ከቲኤችሲ መራቅ አለባቸው። የልብ ሕመም ያለበትም እንዲሁ፤ የልብ ምትን ከፍ ያደርጋል። ወስዶ መንዳት አይታሰብም። ለዓመታት በየቀኑ ከሚወስዱት መካከል ደግሞ የማያቋርጥ ትውከት የሚይዛቸው አሉ፣ ሙቅ ውኃ ሲታጠቡ ብቻ ቀለል የሚላቸው፤ ብዙዎቹ ካናቢሱ ያስታግስልኛል ብለው ይጨምሩበታል፣ የሚያስታውካቸው ግን እሱው ነው።

ሲቢዲ ደግሞ ጉበት ሌሎች መድኃኒቶችን የሚፈጭበትን መንገድ ይዘጋል። ዋርፋሪን የሚባለውን ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት የምትወስዱ፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒት በተለይ ክሎባዛም የምትወስዱ፣ ለሐኪማችሁ ሳትናገሩ አትጀምሩ። የዘይት ጠርሙስ ስለሆነ ብዙ ሰው እንደ መድኃኒት አይቆጥረውም፣ «ምን ትወስዳለህ?» ሲባልም አይጠቅሰውም። ጥቀሱት፣ ጠርሙሱንም ይዛችሁ ሂዱ።

የቀረኝ ነገር ቀኑ ነው። ወረቀቱ ላይ የተመረመረበት ቀን አለ፣ ሁሉም የሚዘለው። ብርሃን ባለበትና ክዳኑ በላላ ዕቃ ውስጥ የቆየ አበባ ቲኤችሲው ወደ ሲቢኤን እየሄደ ነው፣ ተርፒኖቹም ተንነዋል። የዓመት ተኩል ወረቀት ከሰጧችሁ ያነበባችሁት ያኔ የነበረውን ነው፤ አሁን ጠርሙሱ ውስጥ ስላለው አዲስ ወረቀት ጠይቁ።